ሶሊድ ስቴት ድራይቭን ለሌላ ተጠቃሚ ከማስተላለፍ በፊት መረጃውን ስለማጥፋት

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥናቱን አጠናቆ የተገለገለበትን ኮምፒዩተር ለተተኪው ሲያስረክብ ፋይሎቹን ሰርዞ ድራይቩን ፎርማት ማድረጉ የተለመደ ነው። ጥንቃቄ የሚያበዛው ደግሞ በመላው ድራይቭ ላይ ዜሮ ይጽፍበታል። ይህ ሁለተኛው እርምጃ ለማግኔታዊው ሃርድ ዲስክ በአመዛኙ በቂ ነበር። በሶሊድ ስቴት ድራይቭ (ከዚህ በኋላ ኤስኤስዲ) ላይ ግን የቃለ መጠይቅ ቅጂዎችና የመረጃ ሰጪዎች ስም ዝርዝር ከዚያም በኋላ በቺፖቹ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ።

ልዩነቱ ከፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ባሕርይ ይመነጫል። ፍላሽ የሚጻፈው ገጽ በተባለ አነስተኛ ክፍል ሲሆን የሚጠፋው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው፤ ብሎኩ በሙሉ ሳይጠፋ የተጻፈበት ገጽ ዳግም አይጻፍበትም። እያንዳንዱ ብሎክም ከተወሰነ ጊዜ በላይ ተጽፎ መጥፋትን አይችልም። ስለሆነም የድራይቩ መቆጣጠሪያ አዲሱን መረጃ በሌላ ባዶ ገጽ ላይ ያሰፍርና የአድራሻ ሠንጠረዡን ብቻ ይለውጣል። ኮምፒዩተሩ በአሮጌው መረጃ ላይ የጻፈ ይመስለዋል፤ አሮጌው ግን ከነበረበት አልተነካም። አምራቾች ከተገለጸው መጠን በላይ የሚያኖሩት ትርፍ ቦታም ከስርዓተ ክወናው ዕይታ ውጭ ነው። ትሪም የተሰኘው ትእዛዝ የትኛው ገጽ እንደማያስፈልግ ይጠቁማል እንጂ መቼ እንደሚጠፋ ዋስትና አይሰጥም።

በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት ጥናት ቺፖቹን በቀጥታ በማንበብ ጉዳዩን ፈትሸዋል። ነጠላ ፋይልን ለማጥፋት ለሃርድ ዲስክ ከተዘጋጁት ዘዴዎች አንዱም ውጤታማ ሆኖ አልተገኘም። በድራይቩ የሚታይ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ መጻፍ ብዙውን ጊዜ ቢበቃም ሁልጊዜ አልበቃም። ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ከ12 ድራይቮች ውስጥ አብሮ የተሠራውን የማጥፊያ ትእዛዝ እንደሚደግፉ የገለጹት 8 ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዱ መረጃውን ስለሚያመሰጥር ውጤቱን ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ከቀሩት 7 ትእዛዙን በአስተማማኝነት የፈጸሙት 4 ብቻ ናቸው። አንዱ ድራይቭ ሥራውን መፈጸሙን ሲያስታውቅ መረጃው በሙሉ እንዳለ ተገኝቷል።

ያም ሆኖ ወደ ትርፉ ቦታ የሚደርሰው መቆጣጠሪያው ብቻ ስለሆነ፣ ከትእዛዙ የተሻለ መንገድ የለም። በሳታ ድራይቮች «ሴኪዩር ኢሬዝ»፣ በኤንቪኤምኢ ድራይቮች ደግሞ «ሳኒታይዝ» ይባላል፤ ሁለተኛው ኃይል ቢቋረጥ እንኳ ድራይቩ ዳግም ሲበራ ይቀጥላል። ከማጥፋት በኋላ ድራይቩን አንብቦ ዜሮ ማግኘት ግን የመቆጣጠሪያውን መልስ እንጂ የቺፖቹን ይዘት አያሳይም።

ይህን ክፍተት የሚያጠበው ከመጀመሪያው ቀን ማመስጠር ነው፤ ያኔ ቁልፉን ማጥፋት የቀረውን ሁሉ የማይነበብ ያደርገዋል። ምስጠራው በድራይቩ ብቻ ከተሠራ ግን እምነቱ መልሶ በአምራቹ ላይ ይወድቃል፤ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በታወቁ ድራይቮች ላይ ያለ ይለፍ ቃል መረጃውን ለመክፈት የሚያስችሉ ጉድለቶችን ይፋ አድርገዋል። ስለዚህ በስርዓተ ክወናው የሚሠራ ምስጠራ ይመረጣል። ዘግይቶ ማመስጠርም ቀድሞ ሳይመሰጠር የተጻፈውን ቅጂ ከትርፉ ቦታ አያነሳም። እንዲህ ያለ ድራይቭ ጥብቅ መረጃ ከያዘና የማጥፊያ ትእዛዙን የማይቀበል ከሆነ ዳግም አገልግሎት ላይ ሊውል አይገባም፤ ቺፖቹ አንድ በአንድ ይሰባበራሉ። ማግኔት ማስጠጋት በፍላሽ ላይ ምንም አያመጣም።