ካርቱም ላይ ሰው ለምታሠራው ልጄ

ልጄ፣ የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ነፍስህን ይዘህ ወደ ወጣህባት ካርቱም ልትመለስ ነው አሉ፤ ያውም የግንባታ ሠራተኞች ኃላፊ ሆነህ። እግዚአብሔር ያቅናልህ። አሠሪዎችህ «የጤና ፕሮግራም አውጣ፣ ሠራተኛውን አነሣሣ» ማለታቸውንም ሰምቻለሁ። አንተም ወዲያው ስለ ፖስተርና ስለ ሽልማት ማውራት ጀምረሃል። ልብህ መልካም ነው፤ ሳያጣሩ መጀመር ግን የቆየ አመልህ ነው። እኔ በዚያ አገር ሠራተኛ ሲታመምም ሲድንም ብዙ አይቻለሁና ጥቂት ልምከርህ።

1. ምክሩን አቆየውና መጀመሪያ ውሃውን አቅርብ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ብሎኬት ሲሸከም ለዋለ ሰው «ስፖርት ሥራ» ማለት ማላገጥ ነው። በካርቱም መንገድ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በብረት መቆሚያ ላይ የሚደረደሩትን ዚሮች፣ የሸክላ የውሃ ጋኖቹን፣ ታስታውሳለህ? ጎናቸው ወዝቶ ይንጠባጠባል፤ አላፊ አግዳሚው ኩባያውን አንሥቶ፣ ቀድቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ጠጡ ብሎ የሚቀሰቅስ የለም። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ቅርብ ነው፣ አይከፈልበትም፤ ስለዚህ ይጠጣል። በሙቀት የሚሠራ ሰው ጥም ሳይጠብቅ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ መጠጣት አለበት። በርሜሉን መጋዘኑ ጀርባ ካስቀመጥከው ግን ማን ይመላለሳል? ካቦው «የት ነበርክ?» ይለዋላ።

2. ጤናውን በሚከፈልበት ሰዓት ውስጥ አድርገው። «ከሥራ በኋላ ቆዩና ትምህርት ተከታተሉ» ብትል፣ ኦምዱርማን ድረስ ትራንስፖርት ተጋፍቶ የሚገባው ሰው በሆዱ ይረግምሃል እንጂ አይማርልህም። የቀን ሠራተኛማ ደም ግፊቱን ለመለካት የቀን ሒሳቡን የሚያጣ ከሆነ ለምን ይመጣል? ጥላ ሥር ዐረፍ በሉ ስትልም አንተው ቀድመህ ተቀመጥ፤ አለቃው ቆሞ ሰዓቱን እያየ የሚያርፍ ሠራተኛ የለም። አሠሪዎችህ ዕረፍት ገንዘብ ይበላል ካሉህ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጡትን ሪፖርት ንገራቸው፤ እርጥበትንና የፀሐይን ግለት አብሮ በሚለካው መለኪያ፣ ከ20 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዷ ዲግሪ የሠራተኛው ምርት ከ2 እስከ 3 በመቶ ይቀንሳል። ያላሳረፉት ሰው ቆሞም አይሠራም።

3. አዲስ ገቢውን በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከጎንደር ደጋ ወርዶ ትናንት የገባ ልጅ ዛሬ አርማታ ላይ ይቆማል። ጉልበቱን ሊያሳይ ይሽቀዳደማል፤ ካቦውም «ጎበዝ» እያለ ይጨምርለታል። ሰውነት ግን ሙቀትን የሚለምደው በቀናት ነው፤ ሙቀት ከሚገድላቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ በሥራቸው የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ያሉ ናቸው። የሙያው ሰዎች የሚሉትን ያዝ፦ አዲሱ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው ሥራ 20 በመቶውን ብቻ ይሥራ፣ ከዚያ በየቀኑ 20 በመቶ እየጨመረ ይሂድ። ክፍያው ግን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ይሁን፤ አለዚያ ራሱ ደብቆ ይሠራል። ንግግሩ ከተምታታበት፣ ከተንገዳገደ፣ ጥላ ውስጥ አስገብተህ ውሃ እያፈሰስክበት አራግብለት፤ ሐኪምም አስጠራ። «ትንሽ ዐርፎ ይነሣል» አትበል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

4. በሽልማት አትታለል። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የጅምላ መደብር 160 ቅርንጫፎች፣ 33 ሺህ ገደማ ሠራተኞች ባሉበት፣ የጤና ፕሮግራም በዕጣ ለአንዳንዶቹ ቅርንጫፎች ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ከዓመት ተኩል በኋላ ሰዎቹ ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን ማለቱን አበዙ፤ ክብደታቸው፣ የደም ግፊታቸውና ከሥራ መቅረታቸው ግን ያው ነበር። ሽልማቱንስ ቢሆን ማን የሚወስደው ይመስልሃል? ድሮም ጤነኛ የነበረው። የታመመው ዳር ቆሞ ያጨበጭባል።

5. የሰው ሕመም ጠረጴዛህ ላይ አይምጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ማን አስደበቀው ብዬ እጠይቃለሁ። ስኳር እንዳለበት ሲታወቅ ከሥራ የተሰናበተ አንድ ሰው ካየ፣ ሌላው መርፌውን ካልሲው ውስጥ ይደብቃል። የምርመራ ውጤት በነርስና በታማሚው መካከል ይቅር፤ አንተ ስንት ሰው እንደተመረመረ ብቻ ጠይቅ።

6. የቆመ ውሃ አስደፋ። ያቺው ካርቱም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ የዌልካም ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበረው ሐኪም አንድሩ ባልፎር የወባ ትንኝ ዕጭን ከጉድጓዶችና ከጀልባዎች የሚያስለቅም ቡድን አሠማርቶ ወባን የቀነሰባት ከተማ ናት። የአንተ ሳይትም ጉድጓድና በርሜል ሞልቶታል።

7. ፈጡሩን፣ ቁርሱን ማለቴ ነው፣ አብረሃቸው ብላ። ረፋድ ላይ ሁሉም አንድ ትሪ ፉል ከበው ሲቆርሱ፣ አንተ ቢሮ ዘግተህ ከበላህ ስለ ጤና የምትለው ሁሉ የቢሮ ወሬ ይሆናል። እዚያ ተቀምጠህ ነው ማን ምግብ እንዳስጠላው የምታየው። ከሰል ላይ ሻይ የምታፈላልህንም፣ ብዙ ጊዜ የእኛው አገር ልጅ ናትና፣ ከፕሮግራሙ አትርሳት፤ ስኳሩን ለብቻ እንድታቀርብ ብትስማሙ ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

8. ጾሙን አክብር። የሱዳን የሥራ ሕግ በረመዳን ለሚጾም ሠራተኛ በቀን አንድ ሰዓት ይቀንስለታል። አንተ ደግሞ ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ አምጣው። የእኛም ሰዎች ሁዳዴ ይጾማሉ፤ እነሱንም አስብ።

9. ዝም ያለውን ልብ በል። ጦርነቱ የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ለእኛ ቅዳሜ ሹር፣ ለሱዳኖቹ የረመዳን ማብቂያ ሳምንት። አብረውህ ከሚሠሩት ውስጥ በዚያ ቀን ቤቱን፣ ወንድሙን ያጣ አለ። ና ተናገር ብለህ በስብሰባ መሀል አታስጨንቀው። ከሚግባባው ሰው ጋር መድበው፣ በር ሲጋጭ የሚደነግጥ ከሆነም ለብቻው የሌሊት ጥበቃ ላይ አታቁመው።