ጥሬ ሽንኩርትና የልጆች ሆድ

እናቶች ሆይ፣ ወጥ ሲታሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚላጠው ሽንኩርት ነው። ቀዩ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ይጣዳል፤ ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይቁላላል፤ ዘይቱና በርበሬው በኋላ ይገባል። ለዶሮ ወጥ ሲሆንማ ማቁላላቱ ብቻ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ እሳቱ ሥራውን ይሠራል፤ በሽንኩርቱ ላይ የነበረ ጀርምም ሆነ የወስፋት እንቁላል ከድስቱ ሙቀት አይተርፍም። ስለዚህ ስለ ወጡ ሽንኩርት ብዙ የምንለው የለም።

የምንፈራው ጥሬውን ነው። ለጾም ቃሪያ ተሰንጥቆ ሽንኩርት ሲሰነግበት፣ ሰላጣም ሲሠራ፣ እሳት አይነካውም። ሽንኩርት ደግሞ የሚያድገው አፈር ውስጥ ነው። ሰው ሜዳ ላይ በተጸዳዳበት ስፍራ የወስፋት እንቁላል ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ይህ እንቁላል በዓይን አይታይም፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እጅ ልጣጩን ይነካል፤ ያው እጅ የተላጠውን ይይዛል፤ ልጁም ይጎርሰዋል። እንቁላሉ አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ትሉም የልጁን ምግብ ይሻማል። ልጁ ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል። ትሉ እጅግ ሲበዛ አንጀት ይዘጋል፤ ይህ ልጅ ሊገድል ይችላል።

«ሽንኩርት ራሱ መድኃኒት አይደለም እንዴ? ትሉን ያቃጥለዋል» የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አትታመኑ እንላለን። ሽንኩርት ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ወስፋት አያስወጣም። ወስፋት የያዘው ልጅ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ የሚሰጥ ክኒን ነው።

ጥሬውን ስታዘጋጁ በመጀመሪያ ጭቃውን በውሃ አስለቅቁ፤ ከዚያ ሥሩንና ልጣጩን አስወግዱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መክተፉን ይቀጥላል፤ ጥፋቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ልጣጩን የነካ እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከታጣ በአመድ ይታጠብ፤ ቢላውና መክተፊያውም እንዲሁ። የተላጠውን ሽንኩርት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቁት። ውሃ ከሩቅ ለምትቀዳ እናት ይህ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ሳፋ ሙሉ ውሃ አያስፈልግም፤ ከጣሳ እያንቆረቆሩ ማጠብ ከመዘፍዘፍ ይልቅ ያጠራል፣ ውሃም ይቆጥባል።

ዶሮ በተገነጠለበት ቢላ ጥሬ ሽንኩርት መክተፍ ፈጽሞ አይገባም። በበዓል ቀን ሥራ ሲደራረብ ይህ ይረሳልና፣ የሰላጣው ሽንኩርት ከዶሮው በፊት ተከትፎ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ተከድኖ ይቀመጥ።

በጓሮ ሽንኩርት የተከላችሁ እንደ ሆነ፣ ልጆች በመደቡ አጠገብ አይጸዳዱ፤ የሕፃናትም ሰገራ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ይጣል። የደረሰውን ሽንኩርት ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በላስቲክ ከረጢት ከታፈነ ያልበውና ይበሰብሳል። ያቆጠቆጠውን አትጣሉ፣ ይበላል። ለስልሶ የሸተተው ግን ለወጥም አይሁን።