ቦአዋ ልትወልድ መቃረቧን በምን ያውቃሉ?

እባብ ሁሉ እንቁላል አይጥልም። በአሜሪካና በአውሮፓ በየቤቱ የሚረባው ቦአ ኮንስትሪክተር ልጆቹን በሆዱ አሳድጎ ይወልዳል። የፓይተን ባለቤት እንቁላሎቹን ለይቶ ሙቀታቸውን ይጠብቃል፤ የቦአ ባለቤት ሥራ ግን ቀን መቁጠር ነው።

ከወንዱ ጋር ከዋለች በኋላ የሰውነቷ መካከል ድንገት ያብጥና በአንድ ቀን ገደማ ተመልሶ ይጎድላል። ያኔ እንቁላሎቿ በሆዷ ውስጥ ወርደዋል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይታ ቆዳዋን ትጥላለች። ይህችን ቀን ይጻፏት! ከምልክቱ ሁሉ እኔ የማምነው እሷን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት 100 እስከ 120 ቀናት ውስጥ መውለጃዋ ይደርሳል። ከወንዱ ጋር ከዋለችበት ቀን መቁጠር ያሳስታል፤ ግንኙነቱ ለሳምንታት ይደጋገማል፣ እንቁላሉም ዘግይቶ ሊወርድ ይችላል።

በነዚህ ወራት ከማሞቂያው ሥር አትጠፋም። ሙቀቱ 31 ወይም 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይበቃታል፤ ከዚያ እንዳያልፍ በቴርሞስታት ይቆጣጠሩት። በጎኗ ተኝታ ሆዷን ወደ ሙቀቱ ብታዞር አይደንግጡ፣ የታመመች ቢመስልም ደህና ናት። መልኳ ይጠቁራል። ምግብ እምቢ ካለች ይተዉላት።

90ኛው ቀን ሲያልፍ መኖሪያዋን ያሰናዱ። ልጆቹ ሲወለዱ ከ35 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቢረዝሙም ቀጫጭን ስለሆኑ በጠባብ ክፍተት ይሾልካሉ፤ በሩንና የአየር ማስገቢያውን ይፈትሹ። ወለሉን ወረቀት ያንጥፉበት፣ የውሃ ሳህኑንም ጎድጓዳ አያድርጉት።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ምልክት ከኋላዋ ይታያል። እስካሁን መካከሏ ላይ የነበረው ውፍረት ወደ ጅራቷ ይወርዳል፤ ከጅራቷ ሥር ያለው ቀዳዳም አበጥ ይላል። ሙቀቱን ትታ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ሌሊት አታርፍም። ጅራቷን ቀና ስታደርግና ጡንቻዋ ከመካከሏ ወደ ኋላ ሲገፋ ካዩ ምጡ ጀምሯል። ቢጫ፣ ሽል ያልያዘ እንቁላል አብሮ ሊወጣ ይችላል።

አሁን እጅዎን ይሰብስቡ። ደጋግሞ በባትሪ ማብራት የባለቤቱን ጭንቀት እንጂ የእሷን ምጥ አያቀልም። ልጆቹ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ራሳቸው ይቀዱታል። ሳይቀድ የቆየ ካለ ከአፍንጫው በኩል በእርጥብ ጣት ይክፈቱለት፣ እትብቱን ግን አይጎትቱ።

ለሰዓታት አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ወይም ጥቂት ወልዳ ከቆመችና ሆዷ ውስጥ እብጠት ከቀረ፣ የእባብ ሕክምና ለሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። ሆዷን በእጅ ገፍቶ ለማውጣት አይሞክሩ፤ ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል።