የድመት አነጋገር

ልጆች ሆይ፤ የወንጪ አገር ደጋ ነው። ሐይቁ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል፤ የገደሉ አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣልና የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ነው። ስለዚህ ማታ ሰው ሁሉ ወደ ምድጃ ይጠጋል፤ ድመት ግን ከሰው ሁሉ ቀድማ ስፍራዋን ይዛ ትገኛለች። ባላገሩ ገብሱን አይጥ እንዳያጠፋበት እርሷን ያሳድጋል። በኦሮምኛ ስሟ አዱሬ ነው።

ብዙ ሰው ድመት የምትናገረው በአፏ ብቻ ይመስለዋል። እርግጥ ነው፥ ግልገል ሳለች ሲርባትና ሲበርዳት እናቷን በጩኸት ትጠራለች። ካደገች በኋላ ግን ለሌላ ድመት ሚያው የምትለው ከስንት አንዴ ነው፤ ይህን ጩኸት ለሰው አስቀርታዋለች። ስትጮኽ ፊታችንን እንደምንመልስላት፥ በርም እንደምንከፍትላት ተምራለችና።

የቀረው ንግግሯ በአካሏ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ብትመጣ ሰላምታ ሰጠቻችሁ ማለት ነው። ጉንጯን በእግራችሁ ላይ ብታሽ የቤቷን ሽታ ቀባቻችሁ፤ ሽታው የሚወጣው ከጉንጯ ነውና። ጅራቷን ወዲያና ወዲህ ብትወረውር ግን «ተዉኝ» ማለቷ ነው። ውሻ ጅራቱን የሚቆላው ብዙ ጊዜ ደስ ሲለው ስለሆነ፥ ውሻ የለመደ ልጅ በዚህ ይሳሳታል። እኔም በልጅነቴ ተሳስቼ እጄ ተቧጭሯል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው በጉሮሮዋ ኹርር ኹርር የምትለው ድምፅ ነው። በወንጪ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ድመቱ ከአልጋ ሥር ገብታ ሁለት ቀን ሳትወጣ ቀረች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ቢያዳምጥ ኹርር ስትል ሰማት።

«አኮ፥ አዱሬ ደስ ብሏታል!» ብሎ ለአያቱ ነገራቸው።

አያቱም ኩራዝ ይዘው መጡና ዝቅ ብለው አዩ። ወተቱ እንደ ተቀመጠ ነው። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተኝተዋል፤ ጀርባዋ ጎብጧል፤ ጠጕሯም ሳይላስ ቆሽሿል።

«ልጄ፥ ጉሮሮዋን ሰማህ እንጂ እርሷን አላየሃትም» አሉት።

ልጁ ሊያወጣት እጁን ቢሰድድ ክንዱን ይዘው ከለከሉት፤ የታመመች ድመት የምትወደውንም ትነክሳለችና። በጋቢ ጠቅልለው ባወጧት ጊዜ የፊት እግሯ አብጦ እሾኽ ተሰክቶበት ተገኘ። አባቱ እሾኹን ነቀለላት፤ እግሯንም ለብ ባለ ውሃ አጠቡላት። ድመት ደስ ሲላት ኹርር እንደምትል ሁሉ ስትቆስልም፥ ስትወልድም እንዲሁ ትላለች።

የአያቲቱን ጋቢ አትርሱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመት ጥርስም ይተላለፋል፤ ሕመሙ አንድ ጊዜ ከታየም የሚድን ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። ድመት ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠቡ፥ ለወላጆቻችሁም ሳትደብቁ ነግራችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅጣት ፈርቶ ንክሻውን የሚሸሽግ ልጅ ብዙ ነው፤ ወላጆችም በዚህ ነገር አይቆጡ።

እግሯ ከዳነ በኋላም ድመቲቱ ልጁን ትሸሸው ጀመር። እርሱም አዝኖ ወደ እኔ መጣ። በ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት መርምረው ያገኙትን ነገርሁት፤ ሰው ድመትን አፍጥጦ ከማየት ይልቅ ዐይኖቹን ቀስ አድርጎ ቢጨፍንላት፥ እርሷም ቀስ ብላ ትጨፍንለታለች፤ ለማታውቀው ሰው እንኳ እንዲህ ሲያደርግ ትቀርበዋለች።

ልጁ በዚያች ማታ ከምድጃው ማዶ ተቀመጠ። አልጠራትም፤ እጁንም አልዘረጋም። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ጨፈነ፤ ፊቷን አዞረችበት። ሁለተኛ ጨፈነ። በሦስተኛው እርሷም ዐይኖቿን ቀስ አድርጋ ጨፈነች፤ ተነሥታም ጅራቷን አቁማ በምድጃው ዙሪያ መጣች።