የባትሪ ውሃ ከቧንቧ አይቀዳም

ቆይ ወንድምዬ፣ ጆጉን አስቀምጥና ስማኝ። የቧንቧ ውሃ ባትሪ ውስጥ አይጨመርም።

"ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ የለ?" እንዳትለኝ። ንጹህ ውሃ እምብዛም አያስተላልፍም፤ የሚያስተላልፈው ውስጡ የሟሟው ነገር ነው። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ እንኳ ደረቁን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ አዮኖቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋላ። ውሃ ሲነካው ነው ተላቅቀው መንቀሳቀስ የሚጀምሩት። ስዊድናዊው አሬኒየስ የዚህን ሐሳብ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1884 ለዶክትሬቱ ሲያቀርብ መምህራኑ ዝቅተኛ ውጤት ሰጡት፤ በ1903 ግን ኖቤል ተሸለመበት።

አሁን ይሄን ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ እይ። መዳብ ነው። ውስጡ የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው፤ አቶሞቹ ቦታቸውን አይለቁም። ስንት ዓመት ቢሠራ መዳቡ ያው መዳብ ነው። አሲዱ ውስጥ ግን እንዲህ የሚዞር ኤሌክትሮን የለም፤ ኤሌክትሪኩን ተሸክመው የሚሄዱት አዮኖቹ ራሳቸው ናቸው። የእርሳሱ ሰሌዳ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይለወጣል፦ ባትሪው ሲሠራ ሁለቱም ዓይነት ሰሌዳ እርሳስ ሰልፌት እየለበሰ፣ አሲዱም እየቀጠነ ይሄዳል። ቻርጅ ሲደረግ ይመለሳል። ይህን መመላለስ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈጠረው ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ባዶውን ካቆየኸው ግን ሰልፌቱ ይደርቅና አልመለስ ይላል፤ ባትሪ የምትገድሉት እንዲህ እያደረጋችሁ ነው።

እዚህ ፈረንሳይ ሰፈር ጠዋት ጠዋት የእንጦጦ ብርድ ሲወርድ መኪናው አልነሳ የሚልህስ? ገመዱ አይደለም። መዳብ ሲቀዘቅዝ እንዲያውም ይሻለዋል፤ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አሲዱ ግን ይወፍራል፣ አዮኖቹ ይዘገያሉ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ሥራም ይዳከማል። ስለዚህ መብራቱንና ቴፑን አጥፍተህ አስነሳ፤ እምቢ ካለህ ቁልፉን ይዘህ አታስጨንቀው፣ ትንሽ አሳርፈው።

ከባትሪው የጎደለው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ሱቅ ሄደህ "ዲስትልድ ወተር" በል፤ አሲድ ቢሰጡህ አትቀበል። የቧንቧው ውሃ ይዞት የሚመጣው ማዕድን ሰሌዳው ላይ ቀርቶ ባትሪውን ቆሞ ሳለ ይጨርሰዋል። ሰሌዳው እስኪሸፈን ጨምር፣ አታትረፍርፈው። ቻርጅ ላይ ሲሆን ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ክብሪትም ሲጋራም አታስጠጋ። ዓይንህንም ሸፍን፤ መነጽር ከሌለህ ቆይ፣ የኔን ላምጣልህ።