ከድሬ እስከ ቁልቢ በእግር

ባቡሩ ሊሄድ የታሰበው ሐረር ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን ያቋረጠው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ግን ሽቅብ መቀጠሉ አስቸጋሪና ውድ ሆነና ቀረ፤ የቆመበት ሜዳ ድሬዳዋ ተባለ። ባቡሩ የተወውን ዳገት ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ ብዙ የድሬ ሰው በእግሩ ይወጣዋል። መድረሻው ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስእለታቸውን ለመፈጸም አሠሩት የሚባለው ደብር።

መንገዱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስእለት ያለበት ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንዳንዱም ጫማውን አውልቆ ይጓዛል። ስእለቱ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። እዚህ የምናየው ሰውነት በዚያ ዳገት ላይ ምን እንደሚገጥመው ብቻ ነው።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳገቱ የሚያልቅበት ደንገጎ ጫፍ ላይ ግን ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። መሐል ላይ ትንፋሽ ሲያጥር “አየሩ ሳስቶ ነው” ይባላል። እውነት አለው፤ ግን ጥቂት ነው። በድሬ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳር ካለው 87 በመቶ ያህል ሲሆን በ2,000 ሜትር ላይ ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ይህን ልዩነት ትንፋሹን በጥቂቱ በማፍጠን ይሸፍነዋል። ራስ የሚያዞረውና የሚያቅለሸልሸው የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እሱን መፍራት ያለበት ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው ነው፤ እዚያ ያለው ግጭ ሰፈር 3,600 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነ እየተላመዱ መውጣት ያስፈልጋል። የቁልቢ ተጓዥ ጠላት ሙቀት ነው።

ሒሳቡን እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ጭኖ 800 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ ሰውየውን ወደ ላይ የሚያነሣው ሩቡ ቢሆን ነው። ሦስት ሩቡ፣ ማለትም 450 ገደማው፣ ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ መውጣትም አለበት። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የአግድሙ ርቀት ሳይቆጠር፣ ከሦስት ሩብ ሊትር በላይ ላብ መትነን አለበት ማለት ነው። መትነን ነው ያልኩት፤ ተንጠባጥቦ አስፋልት ላይ የወደቀ ላብ ማንንም አያበርድም። ፀሐይ አናት ላይ ሆና ሰውየው ከቸኮለ ደግሞ ሙቀቱ ከላቡ ይቀድማል። ብዙ ብርቱ ወጣት ደንገጎን ሳያይ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉልበት አንሶት አይደለም።

መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እስከ ዛሬ የሚሠራበት መለኪያ አውጥቷል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። እስከ ደንገጎ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል፤ ዕረፍት ሲጨመር ስድስት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተነሣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጫፍ ይደርሳል፤ እዚያም አየሩ ከድሬ 5 ዲግሪ ያህል ቀዝቀዝ ይላል። በቀርሳ ወረዳ በኩል የሚቀጥለው ረጅም መንገድ በዚያ አየር ይቀላል። በጨለማው በቡድን፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ ይሂዱ። ነጭ ነጠላ ለሾፌር በደንብ ይታያል።

የፍጥነት መለኪያው መዝሙሩ ነው። ዳገት ላይ እየዘመሩ መሄድ ካልቻሉ ፍጥነቱ በዝቷል፤ ቀስ ይበሉ።

ላብ ጨው ይዞ ይወጣል። ውሃ ብቻ በላይ በላዩ የሚጠጣ ሰው የደሙን ጨው ያቀጥናል፤ ራሱን ያመዋል፣ ያስታውከዋል፤ እሱም ውሃ የጠማው መስሎት ይጨምርበታል። የታኅሣሡ ጉዞ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ለጿሚ የሚስማማው ስንቅ የታወቀ ነው፤ በሶ በጨው፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ከፋብሪካ ብስኩት ይልቅ በሶን እመርጣለሁ። የጠማውን ጥቂት በጥቂት ያጠጡት። ሰውየው ንግግሩ ከተምታታና ቆዳው ከጋለ ግን ነገሩ ድካም አይደለም። ጥላ ውስጥ አስገብተው ውሃ ያርከፍክፉበት፣ ያራግቡለት፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ድንጋዩን በአንድ ትከሻ የያዘ ሰው አከርካሪው ወደ ጎን ይጣመማል፤ ጡንቻውም ሚዛን ሲጠብቅ ይደክማል። እናት ልጅ እንደምታዝል በጋቢ ከጀርባ ጋር አጣብቆ ማሰር ይሻላል። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ ባይሸከሙ ይመረጣል። ጫማ የሚያደርጉም አዲሱን ቤት ይተዉት፤ ውሃ የቋጠረ እግር ከዳገት ይበልጥ ያዘገያል።

የሐምሌው መንገደኛ ከሙቀቱ ሌላ አንድ አደጋ አለበት። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ከክብረ በዓሉ 10 ቀን ገደማ በኋላ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ድሬን አጥለቀለቃት፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ወንዙ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከላይ የዘነበው እስኪደርስ ድረስ ምንም አይታይም። በሐምሌ ስትሄዱም ስትመለሱም አሸዋው ላይ አትረፉ፤ ተሻግራችሁ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ።