ሁለት ጸሐፊ በአንድ መዝገብ፦ ዲስክ ላይ ያለ ሥራችን እንዴት ይበላሻል? እንዴትስ እንጠብቀዋለን?



የሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ሲቃረብ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ በሚገኘው ግቢያችን ያሉ ላቦች ሥራ ይበዛባቸዋል። አንዱ ሪፖርት ይጽፋል፣ ሌላው ሲሙሌሽን ያስኬዳል፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥም አይጠፋም። በዚህ መሃል መብራት ድርግም ይላል። ሲመለስ የፋይሉ ስም አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ወይም ፍላሹ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን «ቫይረስ በልቶት ነው» ብለን እናልፈዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቫይረስ አይደለም። በርካታ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ዲስክ ሲጽፉ የሚፈጠር፣ ምክንያቱም መከላከያውም የታወቀ ብልሽት ነው።

ነገሩን በደንብ ለመረዳት በዚህ ትምህርት ወደ ቀድሞዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ዘመን፣ ወደ ዶስ እንመለሳለን። በዚያ ዘመን ማሽኑ ቀላል ስለነበር ችግሩ ያለ ሽፋን ይታያል። ከዚያ ወደ ራሳችን ላፕቶፕና ፍላሽ እንመጣለን።

1. ዲስኩ እንደ መጋዘን

እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ አወጣ። በ1983 የተከተለው ፒሲ ኤክስቲ 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። ዛሬ በስልካችን የምናነሳቸው ጥቂት ፎቶዎች ይሞሉታል። ያኔ ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ በሙሉ ያረፈበት ነበር።

ከቃሊቲ መጋዘኖች አንዱን እናስብ። መደርደሪያዎቹ እኩል በእኩል ተከፋፍለው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። አንድ ደንበኛ ያስገባው ዕቃ ሁልጊዜ ጎን ለጎን አይቀመጥም። ባዶ ቦታ በተገኘበት ይገባል። ስለዚህ ዕቃውን የሚያገናኘው የስቶር ኪፐሩ መዝገብ ነው፦ «የዚህ ደንበኛ ዕቃ 210 ላይ ይጀምራል፣ ከዚያ 211፣ ከዚያ 340፣ እዚያ ያበቃል።»

የዶስ ዲስክም እንዲሁ ነው። መደርደሪያዎቹ ክላስተር ይባላሉ። የትኛው ክላስተር ከየትኛው እንደሚቀጥል የሚይዘው መዝገብ ፋት ይባላል። የፋይሉን ስም፣ መጠንና የመጀመሪያ ክላስተር የሚይዘው ደግሞ ዳይሬክተሪ ነው። ስለዚህ አንድ ፋይል ሴቭ ሲደረግ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይጻፋል፦ ይዘቱ፣ ፋቱና ዳይሬክተሪው። ሦስቱ በአንድ ቅጽበት አይጻፉም፤ አንዱ ከሌላው በኋላ ነው። የዛሬው ትምህርት በሙሉ በዚህ ክፍተት ላይ የቆመ ነው።

ፋት በዲስኩ ላይ በሁለት ቅጂ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ሁለቱንም የሚጽፈው አንድ እጅ ነው። ስህተት ከገባ በሁለቱም ይገባል።

2. ዶስ ብቻውን መሥራት የለመደ ሠራተኛ ነበር

ዶስ የተሠራው አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ እንዲያስኬድ ነው። አንድ ጥያቄ ተቀብሎ እየሠራ ሳለ ሌላ ፕሮግራም መሃል ገብቶ ቢጠይቀው፣ የመጀመሪያውን ሥራ ሒሳብ በያዘበት ቦታ ላይ የሁለተኛውን ይጽፍበት ነበር። ስቶር ኪፐሩ አንድ መስመር ጽፎ ሳይጨርስ ሌላ ሰው ብዕሩን ነጥቆ እዚያው መስመር ላይ እንደመጻፍ ነው።

የኮምፒውተሩ ባለቤቶች ግን ከአንድ በላይ ሥራ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የቦርላንድ ሳይድኪክ ሚሞሪ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ በአንድ ቁልፍ ብቅ ይል ነበር። በ1985 ዴስክቪውና የመጀመሪያው ዊንዶውስ መጡ። ያኔ የነበረው 8088 ፕሮሰሰር የአንዱን ፕሮግራም ሚሞሪ ከሌላው የሚከላከልበት አጥር አልነበረውም። አንዱ ፕሮግራም ቢሳሳት የዶስን የመዝገብ ገጽ ሚሞሪ ውስጥ እያለ ሊያበላሸው፣ ዶስም የተበላሸውን ገጽ እንደ ትክክለኛ ወደ ዲስክ ሊጽፈው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው 80386 ፕሮሰሰር ለእያንዳንዱ የዶስ ፕሮግራም የራሱን ክፍል ለማጠር አስቻለ። ነገር ግን ክፍሎቹ ቢለያዩም መጋዘኑ አንድ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ዲስክ ይጽፋሉ።

3. ብልሽት የሚገባባቸው ሦስት በሮች

የመጀመሪያው በር፦ አንድ ፋይል በሁለት ፕሮግራም መክፈት። ከላይ ያነሳነውን ፋይል እንውሰድ፤ 210፣ 211፣ 340። አንደኛው ፕሮግራም ከፍቶ ይዞታል። ሁለተኛው ያንኑ ፋይል አሳጥሮ እንደገና ሴቭ ያደርገዋል። በመዝገቡ ላይ 211ና 340 «ባዶ» ተብለው ይለቀቃሉ። ወዲያው ሌላ ፋይል መጥቶ 211ን ይይዛል። አንደኛው ፕሮግራም ግን ይህን አያውቅም፤ 211 የእኔ ነው ብሎ ይጽፍበታል። የተበላሸው የማንም ጠብ ውስጥ ያልገባ ሦስተኛ ፋይል ነው! ባለቤቱ ከወር በኋላ ሲከፍተው ያገኘዋል፤ ምክንያቱንም በጭራሽ አይደርስበትም።

ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1984 ከዶስ 3.0 ጋር ሼር የሚባል ፕሮግራም መጣ። አንዱ የያዘውን ፋይል ሌላው ሊጽፍበት ሲል ይከለክለዋል። ችግሩ በራሱ አይጫንም ነበር። ሚሞሪ ለመቆጠብ ብለው የሚተዉት ብዙዎች ነበሩ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የወሰዳችሁ «ክሪቲካል ሴክሽን» የምትሉት ይኸው ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚገባበት ክፍል።

ሁለተኛው በር፦ የዘገየ ጽሑፍ። ዲስክ ከሚሞሪ ጋር ሲነጻጸር ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ስማርትድራይቭን የመሰሉ ፕሮግራሞች የሚጻፈውን ሚሞሪ ውስጥ ተቀብለው «ተጽፏል» ይላሉ፣ ወደ ዲስክ የሚያስገቡት ግን ትንሽ ቆይተው ነው። ሥራ ይፈጥናል። በመካከል መብራት ከጠፋ ግን «ተጽፏል» የተባለው አልተጻፈም። በዚህ ምክንያት ተጠቃሚዎች ዶስ ፊት ለፊት ሲመለስ አይተው ወዲያው ያጠፉት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ የወጣው ዶስ 6.2 የቆየው ጽሑፍ ሁሉ ዲስክ ላይ ሳይገባ የትዕዛዝ መስመሩ እንዳይመለስ አደረገ። በኋላ ዊንዶውስ 95 «አሁን ኮምፒውተሩን ማጥፋት ይቻላል» የሚል መልእክት ያሳይ የነበረውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው በር፦ ሥራ ላይ ያለ ዲስክ መጠገን። ቼክዲስክ መዝገቡን ከመደርደሪያው ጋር እያስተያየ የሚያርም መሣሪያ ነው። ባለቤት የሌላቸው ክላስተሮች ካገኘ ሰብስቦ ስም የለሽ ፋይል ያደርጋቸዋል። ዊንዶውስ ወይም ዴስክቪው ውስጥ ሆኖ ይህን ማሠራት ግን አደገኛ ነበር። ሌሎች ፕሮግራሞች እየጻፉ ያሉትን፣ ገና መዝገብ ላይ ያልገባውን ክላስተር «ባለቤት የለውም» ብሎ ይፈርድበታል። ዲስክን የሚያስተካክሉ ዲፍራግ መሰል ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። ቆጠራ የሚደረገው መጋዘኑ ተዘግቶ ነው።

4. አዲስ አበባ ላይ ይህ ምን ይመስል ነበር?

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት ዘዴ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። መልእክት በኮምፒውተር ላይ ተጠራቅሞ፣ ታሽጎ፣ በሞደምና በስልክ መስመር ተደውሎ ወደ ውጭ ይላካል፤ የመጣውም በዚያው ይገባል።

የፊዶኔት ጣቢያዎች በአብዛኛው በተራ ፒሲና በዶስ የሚሠሩ ነበሩ። እዚህ ላይ ችግሩን አስቡት። አንድ ፕሮግራም ስልኩን እየጠበቀ ነው፤ ሌላው መልእክት እየለየ ያስቀምጣል፤ ሰው ደግሞ እዚያው መልስ ይጽፋል። ሁሉም የሚነኩት አንድ የመልእክት ማኅደር ነው። የፊዶኔት ሰዎች መፍትሔ በጣም ቀላልና ብልህ ነበር። አንድ ፕሮግራም ለአንድ ጣቢያ የሚላከውን ጥቅል ሲነካ «ሥራ ላይ» የሚል ትንሽ ባዶ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሲጨርስ ያጠፋዋል። ሌላው ፕሮግራም ያን ምልክት ካየ አይነካም፤ ይጠብቃል።

ዛሬ ዎርድ ፋይል ስንከፍት አጠገቡ ብቅ የሚለው ስውር ፋይል የዚህ ወንድም ነው። «ፋይሉን ሌላ ሰው ከፍቶታል» የሚለን እሱን አይቶ ነው።

5. ታዲያ ዛሬ ምን ተለወጠ? ምንስ አልተለወጠም?

ብዙ ተሻሽሏል፣ አልሐምዱሊላህ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣው ኤንቲኤፍኤስ፣ በሊኑክስም ኤክስት3ና ኤክስት4 ጆርናል ይይዛሉ። ይህም ስቶር ኪፐሩ መዝገቡን ከመንካቱ በፊት «ይህን ላደርግ ነው» ብሎ በሌላ ደብተር እንደመጻፍ ነው። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ደብተሩን አይቶ ወይ ይጨርሰዋል ወይ ይሰርዘዋል።

ሦስት ነገሮችን ግን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ጆርናሉ በዋናነት የሚጠብቀው መዝገቡን ነው፤ የእናንተን ምዕራፍ 4 አይደለም። መዝገቡ ደህና ሆኖ የፋይሉ ይዘት ግማሽ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ፍላሽ ዛሬም ፋት32 ወይም ኤክስፋት ነው፤ እነዚህ ጆርናል የላቸውም። ከዶስ ዘመን ብዙም አልራቁም። ሦስተኛ፣ የዘገየ ጽሑፍ ዛሬም አለ። ዊንዶውስ 10 ከ2018 ወዲህ ለፍላሽ፣ ካልነካነው በስተቀር፣ ማዘግየቱን ትቷል። ሊኑክስ ላይ ግን የመገልበጫው መስኮት ከጠፋ በኋላም ጽሑፉ ወደ ፍላሽ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ቼክዲስክስ? ዛሬ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ጠግን ስንለው «አሁን ሥራ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ላድርገው?» ይላል። በዶስ ዘመን በብዙ ሰው ኪሳራ የተገኘው ትምህርት አሁን በማሽኑ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው።

6. በተግባር ምን እናድርግ?

ሀ. ከፍላሽ ላይ በቀጥታ አንሥራ። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠን እንሥራ፤ ስንጨርስ ወደ ፍላሹ እንመልስ።

ለ. ፍላሽ ስናወጣ «ኢጀክት» እናድርግ። ሊኑክስ ላይ «ሲንክ» የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥተን እስኪጨርስ እንጠብቅ።

ሐ. ሴቭ እያደረግን ሳለ ሌላ ከባድ ሥራ አንጀምር። ትልቅ ፊልም እየተገለበጠበት ያለ ዲስክ ላይ የምንጽፈው ሪፖርት ተራ እየጠበቀ ነው።

መ. የላብ ኮምፒውተር ባትሪ የለውም፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም ከሱ አይሻልም። እነዚህ ላይ ስንሠራ በየጥቂት ደቂቃው ሴቭ እናድርግ።

ሠ. በአንድ ስም ላይ ደጋግመን አንጻፍ። በየቀኑ አዲስ ስም እንስጠው፦ «ሪፖርት 1»፣ «ሪፖርት 2»። የዛሬው ቢበላሽ የትናንቱ አለ።

ረ. ሦስት ቅጂ ይኑረን፤ አንዱ ከዶርማችን ውጭ፣ ኢሜይል ላይም ቢሆን። ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተን እንየው። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ መሆኑ አልተረጋገጠም።

ሰ. ከተበላሸስ? መጀመሪያ እጃችንን እናንሣ። ፎርማት አናድርግ፣ አዲስ ነገር አንጻፍበት። ፋይሉ ያለበት ክላስተር ብዙ ጊዜ ገና አልተነካም፤ የጠፋው መዝገቡ ነው። ጥገና ከመጀመሩ በፊት ዲስኩ እንዳለ በሙሉ ይገልበጥ፤ ጥገናው በግልባጩ ላይ ይሁን።

አንድ ነገር እንጨምር። የላብ ኮምፒውተርም ሆነ በውሰት የያዝነው ላፕቶፕ የሌላ ሰው ሥራ ያለበት አማና ነው። በችኮላ ቁልፉን ተጭነን ስናጠፋው የሚበላሸው፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ወንድም ወይም እህት ፋይል ሊሆን ይችላል። ሥራን በኢትቃን መጨረስ ማለት በአግባቡ ከፍቶ በአግባቡ መዝጋትንም ይጨምራል።

ለውይይት፦

1. ፋት በሁለት ቅጂ እያለ ለምን መዝገቡ ይበላሻል?
2. ሼር የተባለው ፕሮግራም ከሦስቱ በሮች የትኛውን ይዘጋል? የትኞቹን አይዘጋም?
3. ዲስኩ ላይ መጀመሪያ ዳይሬክተሪው፣ በመጨረሻ ይዘቱ ቢጻፍና በመካከል መብራት ቢጠፋ ምን እናገኛለን? ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥስ?
4. የፊዶኔቱ «ሥራ ላይ» ምልክት ተቀምጦ እያለ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ፣ ሲነሳ ምን ችግር ይገጥማል? እንዴትስ ይፈታል?

በየዲፓርትመንታችሁ ተወያዩበት። ሦስተኛውንና አራተኛውን የሠራችሁ መልሳችሁን ለትምህርት ክፍላችን ስጡን፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ለተመራቂዎቻችን አላህ ያግራላችሁ።